ባቡር ጣቢያ የወለዳት መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ «ለገሃር» የሚል ሁሉ ሳያስበው ፈረንሳይኛ ይናገራል፤ ቃሉ «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። አሮጌው ባቡር ሲቆም ስሙ ቀረ። «ስቴሽን ዋገን» የሚለውም እንዲሁ ነው። ለመስክ ሥራ የሚመደብን ትልቅ መኪና በዚህ ስም ስንጠራ ጣቢያው ትዝ የሚለን ጥቂቶች ነን። ስሙ ግን የተገኘው ከአሜሪካ ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ከባቡር የወረደውን መንገደኛ ከነሻንጣው ተቀብለው ወደ ሆቴል የሚያደርሱ፣ ቦዲያቸው የአናጺ እጅ ሥራ የሆነ መኪኖች መጠሪያ ነበር። ዛሬ ከእነዚህ መኪኖች የልጅ ልጆች አንዷን አድሰው ረጅም ጉዞ የሚወጡ ሰዎች አሉ። ቅርሱን እያበላሹት ነው ብሎ የሚወቅሳቸውም አይጠፋም። እኔ ግን የዚህች መኪና ታሪክ ከጋራዥ ይልቅ መንገድ ላይ ይጠበቃል እላለሁ፤ የምትመሰክረው ስለ ጉዞ ነውና።

ማስረጃው አሠራሯ ነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1929 ሞዴል ኤ ስቴሽን ዋገንን በብዛት ማምረት ሲጀምር ቦዲዋ እንጨት ነበር። እንጨት በየጊዜው ቫርኒሽ ይፈልጋል፤ ስለዚህም ለዓመታት የባለጸጋ መኪና ሆና ቆየች። ዊሊስ በ1946፣ ፕሊመዝ በ1949 ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ ቦዲ ሲያመጡ ወደ መካከለኛው ቤተሰብ ደጅ ገባች። በ1956 ደግሞ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ሕግ 41,000 ማይል፣ ማለትም 66,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ፈጣን መንገድ እንዲዘረጋ አዘዘ። ቅርጿም መንገዱን ተከትሎ ተለወጠ። ክራይስለር በ1957 ሦስተኛውን ረድፍ ወንበር ወደ ኋላ አዞረው፤ ልጆች ያለፉትን አገር እያዩ ይጓዙ ጀመር። በ1964 የወጣው ኦልድስሞቢል ቪስታ ክሩዘር ከኋላ ወንበሮች በላይ ጣሪያው ላይ መስታወት ነበረው። ያንን የመሰለ የሰማይ መስኮት የባቡር ፉርጎዎችም ነበራቸው፤ የኦልድስሞቢል ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ ራሱ በ1947 እንዲህ ያለ የማሳያ ባቡር አስጎብኝቷል። ባቡሩን ልታገለግል የተወለደችው መኪና መንገደኛውን ከወሰደች በኋላ መስኮቱንም ወረሰች ማለት ነው። ይህ ሁሉ ቆማ ስትታይ ጌጥ ይመስላል፤ ትርጉም የሚያገኘው ፖርቶመጋላዋ ተጭኖ፣ ወንበሮቿ ሞልተው ስትሄድ ብቻ ነው።

ቀዳሚው ተቃውሞ የእርጅና ነው፦ መለዋወጫዋ ብርቅ የሆነን መኪና በሺህ ኪሎ ሜትሮች ማልፋት ቅርስን መብላት አይደለም ወይ? ስጋቱ ተገቢ ነው፤ የአንዲት ብርቅ ናሙና የመጀመሪያ እንጨት ከሆነ በእርግጥ ዕረፍት ይገባዋል። ብዙዎቹ ግን የፋብሪካ ብረት ናቸው፤ ለእነሱ መቆም ራሱ ጉዳት አለው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ነዳጅ ሰርባትዮ ውስጥ ይበላሻል፣ የጎማ ክፍሎች ይደርቃሉ። ከዚህም በላይ ጥገና የእጅ እውቀት ነው፤ መኪናዋ ካልሠራች የሚጠግናት አይኖርም፣ እውቀቱም ከባለሙያው ጋር ይቀበራል። የደኅንነት ቀበቶ ቢጨመርላት ታሪኳ ይዛባል የሚለው ግን አያሳምነኝም። ቀበቶ በአሜሪካ አዳዲስ መኪኖች ላይ በፌዴራል ደንብ ግዴታ የሆነው በ1968 ነው፤ ከዚያ በፊት ለተሠራችው መጨመር የተሳፋሪን ነፍስ ማክበር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ የማን ትዝታ ነው የሚታደሰው? በማስታወቂያዎቹ ላይ በነፃነት የሚጓዘው ቤተሰብ ነጭ ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን በዚያው ዘመን ሆቴልና ምግብ ቤት ይዘጋባቸው ስለነበር፣ ቪክቶር ሁጎ ግሪን ከ1936 ጀምሮ ባሳተመው «ግሪን ቡክ» የሚያስተናግዳቸውን ቤት እየፈለጉ ይጓዙ ነበር። መመሪያው መታተሙን የቀጠለው የ1964ቱ የዜጎች መብት ሕግ እስኪወጣና ጥቂት ዓመታት ከዚያም በኋላ ነበር። ለእነዚህ ቤተሰቦች ሰፊ መኪና ከመዝናኛነት በላይ ነበረች፤ ስንቅ የሚያዝባት፣ ሲመሽና ደጅ ሲጠፋ የሚታደርባት ነበረች። ይህ እውነት ጉዞውን እንድንተው አያስገድድም፤ እንዲያውም ምክንያቱን ያጠነክራል። ቆማ የምትታይ መኪና የሚያምረውን ቀለም ብቻ ታሳያለች። በአሮጌው መንገድ የሚነዳት ሰው ግን የት ነዳጅ ይቀዳ እንደነበር፣ የት ይታደር እንደነበር መጠየቁ አይቀርም፤ ያ ጥያቄ በሩ ለማን ክፍት እንደነበረም ያስጠይቀዋል።

የ1973 የነዳጅ ቀውስ፣ ከ1984 ሞዴል የጀመሩት የክራይስለር ሚኒቫኖች፣ ከዚያም ከፍ ያሉት የቤተሰብ መኪኖች ገበያዋን ወሰዱት፤ ጄኔራል ሞተርስም ትልልቆቹን ስቴሽን ዋገኖች በ1996 አቆመ። ባቡሩ መንገደኛውን ለእሷ እንደለቀቀ እሷም ለሌሎች ለቀቀች። ለገሃር የሚለው ቃል ባቡሩን የሚያስታውሰን ሰው እስከጠራው ድረስ ነው፤ ይህችም መኪና ጉዞውን የምታስታውሰው እስከተጓዘች ድረስ ነው።