ምስክሩ ከአዝመራው ጋር ሲሄድ፦ የወንጀል ምርመራ ሳይንስ በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ትምህርት ቤቶች

የኢትዮጵያ የወንጀል ምርመራ ረጅም ዘመን የኖረው በሰው አንደበት ላይ ተመሥርቶ ነው። ሌባው ወይም ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። እየማለ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ፊት ለፊት መናገር የፈራም «ወፍ ነገረኝ» በሚል ሽፋን ፍንጭ ይሰጣል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ሥራው አይመለስም። ይህን ሥርዓት ኋላ ቀር ብሎ ማለፍ ቀላል ቢሆንም ትክክል አይደለም። ነዋሪው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ይኖራል፤ የሥርዓቱ ጉልበት የሚመነጨው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። የጎረቤቱን ልጅ ከሩቅ በአረማመዱ የሚለይ ሰው የሚሰጠው ምስክርነት ዋጋ አለው፤ በሐሰት ቢመሰክር ደግሞ አብሮት የሚኖረው ሰው ስለሚታዘበው ይጠነቀቃል። የዚህ መጣጥፍ ክርክር የሚነሣው እነዚህ ሁለት ሁኔታዎች ከተጓደሉበት አገር፣ ከመተማና ከምዕራብ ጎንደር ቆላ ነው። እንዲህ ባለ አገር አንደበት ብቻውን ፍትሕን ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ ቁሳዊ ማስረጃን የማየት፣ የመጠበቅና የመመዘን ዕውቀት ለፖሊስ ብቻ ሳይተው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊሰጥ ይገባል።

የመተማ፣ የቋራና የምዕራብ አርማጭሆ ኑሮ የሚዞረው በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ ዙሪያ ነው። ክረምት ሲገባ ለአረም፣ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ደግሞ ለአጨዳ ከደጋው ጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሌላውም አካባቢ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። በአንድ የእርሻ ካምፕ ዳስ ሥር ጎን ለጎን የሚያድሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚተዋወቁት በቅጽል ስም ወይም በመጡበት ወረዳ ስም ነው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ሂላው (ቆሞ እንዲደርቅ የተደገፈው የሰሊጥ ነዶ) ደርቆ ከተራገፈ በኋላ ሁሉም የጉልበቱን ዋጋ ተቀብሎ ይበተናል። በጥቅምት የተፈጸመ ግድያ በጥር ለችሎት ሲቀርብ ያየው ሰው የት እንዳለ የሚያውቅ አይኖርም። በሌላ በኩል ከመተማ ዮሐንስ ድልድዩን የተሻገረ ሰው ገላባት፣ ሱዳን ነው፤ ተጠርጣሪም ሆነ ምስክር በደቂቃዎች ውስጥ ከአንድ መንግሥት ሥልጣን ወደ ሌላው ይሸጋገራል። በዚሁ መስመር ወደ ካርቱምና ወደ ሊቢያ የሚጓዙ ስደተኞችና በእነሱ የሚነግዱ ደላሎች ለዓመታት ተመላልሰዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ የሰው ጎርፍ በተቃራኒው አቅጣጫ መጣ፤ ኩመርና አውላላ የስደተኛ መጠለያ ሆኑ። ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ሰው አግቶ ገንዘብ መጠየቅም የአካባቢው መራራ እውነት ሆኗል። ይህን ሁሉ እንግዳ ሰብስቦ አውጫጭኝ ማስቀመጥ አይቻልም።

አንደበት ሲጎድል የሚቀረው ነገር ነው፤ ልብስ፣ ደም፣ ዱካ፣ ቀለህ፣ የስልክ ጥሪ ዝርዝር። ነገር ግን ቆላው ለእነዚህም አይራራም። ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ በሚለው በዚህ አገር በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ያልፋል፤ አስከሬን በአንድ ቀን ውስጥ መልኩን ይለውጣል። በሃይማኖትም በባህልም ቀብር አይዘገይም። ጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር፣ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ፤ አገሪቱ ለብዙ ዓመታት የአስከሬን ምርመራ ስትጠብቅ የኖረችው በዋናነት ከምኒልክ ሆስፒታል እንደነበረም አይዘነጋም። መርማሪው መንገድ ላይ ሳለ ወንጀሉ የተፈጸመበትን ቦታ የሚረግጡት፣ አስከሬኑን የሚያነሡት፣ የወደቀውን ማጭድ የሚሰበስቡት የቀበሌ ሚሊሻው፣ የእርሻው አሠሪ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና አብሮ አደር ሠራተኞች ናቸው። በደም የራሰ ሸሚዝ ሳይደርቅ በፌስታል ተቋጥሮ ወይም ከሌሎች ልብሶች ጋር ማዳበሪያ ውስጥ ታጭቆ ሁለት ቀን ቢጓዝ በእርጥበቱና በሙቀቱ ይሻግታል፤ ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ አለ የሚባል ላቦራቶሪ ቢመረምረውም የሚገኘው ነገር ትንሽ ነው። ያው ሸሚዝ ጥላ ሥር ደርቆ፣ ለብቻው በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ማን እንዳነሣው፣ መቼና ከየት እንደተነሣ ተጽፎበት ቢላክ የዘረመል ምርመራ ከወራት በኋላም ሊያናግረው ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት አንድ ካኪ ፖስታና ያንን የሚያውቅ ሰው ናቸው።

ሕጉም ወደዚሁ ያመለክታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በማስረጃነት ሊቀርብበት የሚችል የእምነት ቃል እንዲሰጥ እንደማይገደድና በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። ተጠርጣሪው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብም ያዛል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ተገቢ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 34 የተያዘውን ሰው ሰውነትና ደም በሐኪም ማስመርመርን ያውቃል። እነዚህ ድንጋጌዎች ሙሉ ትርጉም የሚኖራቸው ከእምነት ቃል ውጭ ሌላ ማስረጃ ሲኖር ነው። ምስክሩ በተበተነበትና ቁሳዊ ማስረጃው በተበላሸበት ቦታ መርማሪው ፊት የሚቀረው የተጠርጣሪው አፍ ብቻ ነው፤ የማስገደድ ፈተና የሚበረታውም እዚያ ነው። ስለዚህ ማስረጃ መጠበቅን ማስተማር በዳዩ እንዲያዝ ከማገዙም በላይ ንጹሑን ከእስርና ከድብደባ የሚታደግ ሥራ ነው።

ትምህርቱ ምን ይመስላል? የመተማ ልጅ ባዶ እጁን አይመጣም። ከብት የጠበቀ ተማሪ የጠፋች ጥጃን ኮቴ ከመንጋው ለይቶ ይከተላል፤ ዱካው ትኩስ ይሁን ያደረ፣ ሸክም ያለበት ይሁን ባዶ ያውቃል። የአካባቢው ዋልካ አፈር ደግሞ ለዚህ የተሰጠ መማሪያ ነው፤ በክረምት ጭቃው የበረባሶን ጎማ ጥርስ ሳይቀር ይይዛል፣ ሲደርቅም ቅርጹን ጠብቆ ይቆያል። መምህሩ አንድ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ግቢ እርጥብ ዋልካ ላይ እንዲራመድ ያደርጋል። ሌሎቹ መጀመሪያ ዱካውን ከነማስመሪያው በስልክ ፎቶ ያነሣሉ፤ ቀጥሎ ከግንባታ ዕቃ መደብር የተገዛ ጄሶ በውሃ አቅጥነው ያፈሱበታል፤ ሲጠነክር አንሥተው ከክፍሉ ተማሪዎች ጫማ ጋር ያስተያያሉ። ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ አንድ ዓይነት በረባሶ ከአንድ ገበያ የገዙ ሃምሳ ሰዎች ቢኖሩ ይህ ዱካ የማን ነው? ተማሪዎቹ የጎማውን ዓይነት በሚያሳይ ምልክትና አንዱን ጫማ ብቻ በሚለይ ጭረት መካከል ያለውን ርቀት ሲረዱ የዚህን ሳይንስ እምብርት አገኙ ማለት ነው። ፈረንሳዊው ኤድሞን ሎካርድ በ1910 እ.ኤ.አ. ሊዮን ውስጥ የፖሊስ ላቦራቶሪ ከፍቶ ያስፋፋው ሐሳብ፣ ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ በሌላው ላይ ምልክት ይተዋል የሚለው፣ ለከብት ጠባቂ ልጅ እንግዳ አይሆንበትም። ቻይናዊው ዳኛ ሶንግ ሲ በ1247 እ.ኤ.አ. በጻፈው የአስከሬን ምርመራ መጽሐፍ ያሰፈረው ታሪክም ለዚህ አገር ይቀርባል። በማጭድ የተገደለ ሰው ነበረ፤ መርማሪው የመንደሩ ሰዎች ማጭዳቸውን መሬት ላይ እንዲደረድሩ አዘዘ፤ ዝንቦች በአንዱ ላይ ብቻ ሰፈሩ። በአጨዳ ወራት ማጭድ ያልያዘ ሰው በማይገኝበት ቆላ ይህ ከሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ጋር በቀላሉ የሚጋባ ትምህርት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነሣው ተቃውሞ ወንጀልን የመሸፈን ዘዴ ለወጣቶች ማስተማር ይሆናል የሚል ነው። ስጋቱን ንቄ አላልፈውም። ይሁንና ጓንት አድርጎ መዝረፍን ከፊልም ያልተማረ ወጣት ዛሬ ጥቂት ነው። ትምህርት ቤቱ የሚጨምረው ዕውቀት በአመዛኙ ሌላ ነው፤ የወንጀል ቦታን አለመርገጥ፣ የተደፈረች ልጅ ልብሷን ሳታጥብ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም እንድትሄድ መምከር፣ ሰው ያገቱ ወንበዴዎችን የስልክ ቁጥርና የደወሉበትን ሰዓት መመዝገብ። ይህ ዕውቀት ዛሬ በሌለበት የሚጎዳው ተበዳዩ ነው። ሥራው የሰንዳፋው ፖሊስ ዩኒቨርሲቲና የፌዴራል ፖሊስ የፎረንሲክ ማዕከል ነው የሚሉም አሉ። ትንተናው በርግጥ የእነሱ ነው፤ ነገር ግን ማዕከሉ የሚመረምረው የተላከለትን ብቻ ነው።

ከእነዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሳይንሱ ራሱ ይሳሳታል የሚለው ነው። እውነት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ከማድሪድ የባቡር ፍንዳታ በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ የጣት አሻራ ተመሳስሏል ብሎ በኦሪገን የሚኖር አንድ ጠበቃ ሁለት ሳምንት አስሯል፤ አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን ያረጋገጠው የስፔን ፖሊስ ነበር። ይኸው ቢሮ በ2015 እ.ኤ.አ. የፀጉር ንጽጽር ባለሙያዎቹ በችሎት የሰጧቸውን የቀድሞ ምስክርነቶች ሲያስገመግም፣ ከተመረመሩት መዝገቦች ቢያንስ በ90 በመቶው የተሳሳተ አገላለጽ ተገኝቷል። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግን ትምህርቱ ይቅር የሚል ሊሆን አይችልም። በሳይንስ ስም የቀረበን ማስረጃ መጠየቅ የሚችለው ሳይንሱን በመጠኑ የቀመሰ ሰው ነው፤ ያልቀመሰው ወይ ሁሉን ያምናል ወይ ሁሉን ይክዳል። ለመተማ ይህ የቅርብ ጉዳይ ነው፤ ዓመት ከዓመት ማጭድና መቆፈሪያ የጨበጠ እጅ የጣቱ መስመር እየተፋቀ ስለሚሄድ የአሻራ ማንበቢያ መሣሪያ ላይቀበለው ይችላል። አሻራው አልነበበም ማለት ሰውየው ዋሽቷል ማለት እንዳልሆነ የቢሮ ሠራተኛውም ባለ ጉዳዩም ሊያውቁት ይገባል።

ሽምግልናና ደም ማድረቅ ይበቃናል የሚለው አስተያየት ከሁሉም ይልቅ ክብር ይገባዋል፤ መንግሥት በሌለበት ቀን የሰውን ሕይወት ያተረፈው እሱ ነውና። ሆኖም እርቅ የሚጀምረው ገዳዩ ከታወቀ በኋላ ነው። ማንነቱ ባልታወቀ ሰው የተገደለ ወንድም ያለው ሰው በጥርጣሬ ብቻ ሌላውን ሲገድል ሽማግሌው ከሁለት አስከሬን መካከል ይቆማል። የአማራ፣ የቅማንትና የጉሙዝ ሕዝቦች አብረው በሚኖሩበት በዚህ አካባቢ «ያደረጉት እነሱ ናቸው» የሚለው ወሬ ምን እንደሚያስከትል ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። «እነማን? በምን ታወቀ?» ብሎ መጠየቅ የለመደ ወጣት ለሽማግሌው ረዳት ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የትምህርቱ ክፍል ማንነቱ ያልታወቀ ሟች ነው። በካላዛር፣ በእባብ መነደፍ፣ በውሃ ጥም ወይም በጥይት የሞተ የሩቅ አገር ልጅ ቆላ ላይ ስሙ ሳይታወቅ ሲቀበር ደጋ ያለች እናት ዓመታት ትጠብቃለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሲሞቱ ከቤተሰብ በተወሰደ የዘረመል ናሙና ሟቾችን ለመለየት ወራት የፈጀ ዓለም አቀፍ ሥራ ተሠርቷል። ለሰሊጥ አጫጁ ያን ያህል መጠበቅ አይቻል ይሆናል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅትና የቀይ መስቀል ተቋማት ከሌሎች ጋር በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት የአስከሬን አያያዝ መመሪያ ሆነ ተብሎ የተጻፈው ባለሙያ ላልሆኑ፣ ቦታው ላይ ቀድመው ለሚደርሱ ሰዎች ነው። የፊት ፎቶ፣ የቁመት ግምት፣ የጥርስ ሁኔታ፣ ንቅሳትና ጠባሳ፣ የልብሱ ዓይነት፣ ኪሱ ውስጥ የተገኘው ነገር፣ የመቃብሩ ትክክለኛ ቦታና ቁጥር፤ ይህን መመዝገብ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ይችላል።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ መምህራንና ተማሪዎች ዋጋ ከፍለዋል። መምህር በሌለበት ስለ ጄሶ ማውራት ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ሆኖም ቀይ ሽብር በተፈጸመ በአሥራ አምስት ዓመቱ ገደማ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን የደርግን ወንጀሎች ከሚመረምረው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋር አዲስ አበባ፣ ኮተቤ ላይ የጅምላ መቃብር ሲከፍት በአጽሞቹ አንገት የናይሎን ገመድ ተገኝቷል፤ የምስክር ትዝታ ሲደበዝዝ ገመዱ ቆይቶ ለችሎት ተናግሯል። ምዕራብ ጎንደርም ነገ የሚጠየቅባቸው መቃብሮች አሉት። ስለዚህ ትምህርት ቤቶቹ እስኪከፈቱ ሳይጠበቅ ጎንደር ላይ ከሥነ ሕይወት፣ ከኬሚስትሪና ከዜግነት ትምህርት መምህራን ጋር ሥልጠናው ሊጀመር ይችላል። መጽሐፉ በአማርኛ ይጻፍ፤ የሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ በእንግሊዝኛ ቢሰጥም ይህን ዕውቀት በተግባር የሚፈልጉት ሚሊሻው፣ የካምፕ ኃላፊውና የተማሪው አባት የሚያነቡት በአማርኛ ነው። የተግባር ልምምዱንም ከአረም በፊት፣ ዋልካው ገና በረጠበበትና ተማሪው ለጉልበት ሥራ ወደ እርሻ ባልወጣበት በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንታት ማድረግ ይቻላል።