ከኦክላንድ ሙዳየ ምጽዋት እስከ ሳዮ

በካሊፎርኒያ ምድር ወርቅ ተገኘ የሚለው ወሬ ዓለምን ባናወጠ ማግሥት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1849 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው)፣ የሳን ፍራንሲስኮን ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያጥለቀለቀው ሕዝብ አብዛኛው አካፋና ዶማ እንጂ መጽሐፍ ይዞ የመጣ አልነበረም። ሆኖም በዚያው ዓመት በሚያዝያ በቤኒሺያ፣ በግንቦት በሳን ፍራንሲስኮ፣ በጥቅምትም የግዛቲቱ የመጀመሪያ ርእሰ ከተማ ልትሆን ጥቂት ሳምንታት ብቻ በቀሯት በሳን ሆዜ፣ የፕሬስቢቴሪያን ማኅበረ ምእመናን ተመሠረቱ። ኦክላንድ በ1853 ተከተለች። የመጀመሪያ መጋቢዋ ሳሙኤል ቤል ስብከት ብቻውን ስላልበቃው፣ በ1855 ከተቋቋመውና ኋላ ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መሠረት ከሆነው ኮሌጅ ባለአደራዎች አንዱ ሆነ።

ፕሬስቢቴሪያኖች ጳጳስ የላቸውም። ምእመናኑ በድምፅ የሚመርጧቸው ሽማግሌዎች ከመጋቢው ጋር ተቀምጠው ይመክራሉ፣ ይቀጣሉ፣ ገንዘቡንም ይቈጣጠራሉ። ለተልእኮ የሚሰበሰበው ግን ወደ ማዕከላዊው ጉባኤ ተልኮ ከዚያ ይከፋፈል ስለ ነበር፣ አንዲት ደብር የምትረዳው አገር የሚታወቀው ከየትኛው ጉባኤ ጋር እንደ ተባበረች በማየት ነው። ይህ ነገር ኋላ ወደ አገራችን ያደርሰናል።

በባሕረ ሰላጤው ዳር ግን ተልእኮው ባሕር መሻገር አላስፈለገውም፤ አሕዛብ የተባሉት ራሳቸው በመርከብ መጥተው ነበርና። በቻይና በካንቶን ያገለገለው ዊልያም ስፒር በሕመም ምክንያት ተመልሶ በ1852 ሳን ፍራንሲስኮ ሲደርስ፣ ቋንቋቸውን የሚያውቅለት ሰው ያጣ ብዙ የቻይና ሕዝብ አገኘ። በ1853 በአራት ምእመናን ብቻ ቤተ ክርስቲያን አቆመላቸው፤ መድኃኒት የሚታደልበት ቤት ከፈተ፣ ጋዜጣም አሳተመ፣ በባዕዳን ማዕድን ቈፋሪዎች ላይ የተጣለውን ግብር በመቃወምም ጻፈ። ለእኔ እንደሚመስለኝ ከሰባኪነቱ ይልቅ ጠበቃነቱ ይበልጥ ነበር። እንደ እርሱ በካንቶን ያገለገለው አይራ ኮንዲት በ1878 የኦክላንድን የቻይናውያን ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ። ቀን በሥራ የደከመው ጕልማሳ ማታ የእንግሊዝኛ ፊደል ሊቈጥር ወደ ተልእኮው ትምህርት ቤት ይመጣ ነበር፤ ፊደል ፈላጊው ብዙ፣ ጥምቀት ፈላጊው ጥቂት መሆኑ ግን የታወቀ ነው። የቻይናን ሠራተኛ ከአገር የሚከለክለው ሕግ በ1882 ሲወጣም በሩ አልተዘጋም።

የዚህ ሥራ ጓዳ በሴቶች እጅ ነበር። በየቤታቸው መደርደሪያ ላይ ትንሽ የካርቶን ሙዳየ ምጽዋት አኑረው ሳንቲም የሚጥሉት እመቤቶች በ1873 ማኅበር አቋቋሙ፤ በዓመቱም በሳን ፍራንሲስኮ ለባርነትና ለዝሙት የተሸጡ የቻይና ልጃገረዶች የሚጠለሉበት ቤት ከፈቱ። በ1895 ወደዚያ የገባችው ዶናልዲና ካሜሮን፣ በ1906 ምድር ተናውጣ ከተማዪቱ ስትነድ፣ ልጆቹን ካወጣች በኋላ ጠባቂዎች እየከለከሏት ወደ ቤቱ ተመልሳ አንድ መዝገብ ይዛ ወጣች፤ ይኸውም የልጆቹ ሞግዚትነት የተጻፈበት ስለ ነበር፣ ቢቃጠል ኖሮ ሻጮቻቸው በፍርድ ቤት ሊጠይቋቸው ይችሉ ነበር። በ1925 ጁሊያ ሞርጋን በነደፈችው ሕንፃ ሚንግ ኳንግ የተባለው የሕፃናት ማሳደጊያ በኦክላንድ ተከፈተ። እርግጥ ነው፣ እነዚያ ደጋግ እመቤቶች ልጃገረዶቹን ነፃ ሲያወጡ በራሳቸው አምሳል ሊቀርጿቸውም ይሹ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኅዳር በሽታ ሕዝቡን በፈጀ ማግሥት ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ሐኪም ፈልገው ዶክተር ቶማስ ላምቢን ከሱዳን ያስጠሩት በ1919 ነው፤ ላምቢም በወለጋ በሳዮ፣ ማለት በደምቢ ዶሎ፣ ሥራውን ጀመረ። የላከው ግን ዩናይትድ ፕሬስቢቴሪያን የተባለው ሌላ ጉባኤ ነበርና፣ የኦክላንድና የሳን ሆዜ ጥንታውያን አድባራት በዚያ ዘመን ድርሻ አልነበራቸውም። ኢጣልያ አገሩን ስትይዝ ሚሲዮናውያኑ ወጡ፤ በሕፃንነቱ ፈንጣጣ ዓይኑን ያጠፋው፣ ለማኝ የነበረው ጊዳዳ ሶላን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ምእመናኑን አጸና። ልጁ ነጋሶ ጊዳዳ ኋላ የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ከዚህ ተልእኮ የበቀለችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1947 ራሷን ቻለች፤ ሁለቱ የአሜሪካ ጉባኤያት ደግሞ በ1958 ተዋሐዱ። ከዚያ ወዲህ የኦክላንድ ምእመን የሚጥለው ሳንቲም ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ ለቤቴልም የሚተርፍ ሆነ፤ ሰጪው ግን ወለጋ በየት በኩል እንዳለ ሳያውቅ ይሆናል። በ1974 ቤቴል ከመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተባበረች።

በዚያው ዓመት የፈነዳው አብዮት ያሰደዳቸው ኢትዮጵያውያን በተለይ ከ1980 የስደተኞች ሕግ በኋላ ወደ ኦክላንድና ወደ ሳን ሆዜ ሲጐርፉ፣ ከእነርሱ መካከል ወንጌላውያን የሆኑት የራሳቸው ሕንፃ እስኪኖራቸው ድረስ የአሜሪካውያንን ቤተ ክርስቲያን ተከራይተው ወይም በውሰት ይዘው፣ ባለቤቶቹ ጧት ጸልየው ከወጡ በኋላ ከሰዓት በአማርኛና በኦሮምኛ ማምለክ ልማዳቸው ሆነ። ለወገን አገልጋዮች ደመወዝና ለገጠር ጸሎት ቤት ቆርቆሮ መግዣም ከደመወዛቸው ቈንጥረው ይልካሉ።