ፈንጣጣን ማን አጠፋው?



እዚህ አዲስ ከተማ ተሰብስበን የልጆች ክትባት ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ትልልቆቹ እናቶቻችን አንድ በሽታ ያስታውሳሉ፤ ፈንጣጣን። ፊታቸው በጠባሳ የተበላሸ፣ ዓይናቸው የጠፋ ሰዎችን ያውቃሉ። እኛ ልጆቻቸው ግን በሽታውን አይተነው አናውቅም። እንዴት እንደጠፋ መለስ ብለን ብናይ፣ ዓለም አቀፍ ድርጅት ምን ማድረግ እንደሚችል፣ ብቻውንም ምን እንደማይችል እንረዳለን።

ፈንጣጣ ድንበር አያውቅም ነበር። አንድ አገር ሕዝቡን ቢያስከትብ እንኳ በሽታው ከጎረቤት ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ በ1950 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት በዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ ላይ ፈንጣጣ ከምድር ይጥፋ የሚል ሐሳብ አቀረበች። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነበር፤ ሆኖም አሜሪካም በዘመቻው ተባበረች። ባላንጣዎቹን ለአንድ ሥራ ያገናኘው ድርጅቱ ነው።

በአገራችን ዘመቻው የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚዎች ተመዘገቡ። ክትባቱ፣ መርፌውና ሄሊኮፕተሩ ከውጭ መጣ። መንገድ በሌለበት ተራራና በረሃ በእግር እየተጓዙ በሽተኛ የፈለጉት ግን ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች፣ ከእነርሱም ጋር የውጭ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። የታማሚ ፎቶግራፍ እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ታማሚ ሲገኝ በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ይከትባሉ። በባህላዊው ክትባት የለመደው ሰው አዲሱን እምቢ ያለበት ቦታም ነበር፤ ማሳመኑ ትዕግሥት ጠየቀ።

በመካከሉ መንግሥት ተለወጠ፤ ሥራው ግን አልቆመም። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በአገራችን የመጨረሻዋ ታማሚ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ፣ በባሌ ተገኘች። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. የመጨረሻው የተፈጥሮ ሕመም በሶማሊያ ታየ። ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ጉባኤው ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱን አወጀ።

የዓለም ጤና ድርጅት ሠራዊት የለውም፤ ማንንም አስገድዶ አያስከትብም። አገሮችን ያስተባብራል፣ ዕውቀትና መድኃኒት ያደርሳል። የቀረው በየቤቱ የሚሠራ ነው።

እህቶቻችን፣ ኩፍኝና ፖሊዮ ዛሬም አልጠፉም። በመካከላችንም ልጇን ለማስከተብ የምታመነታ እናት አለች። አንቆጣት፤ ቤቷ ሄደን ቡናዋን እየጠጣን እናዋያት። አጋሮቻችን ሆይ፣ የእናንተ ድጋፍ ክትባቱን እስከ ሰፈራችን ያደርሰዋል፤ በሩን የምናንኳኳው እኛ ነን።