የመንደር ካርታና የመሬት መብት በእንግሊዝ አገር

የመንደር ካርታ የኮረብታውንና የወንዙን መልክ ብቻ የያዘ ሥዕል አይደለም። ማን እንዳሠራው፥ ወጪውን ማን እንደ ከፈለና ለምን ጉዳይ እንደ ተፈለገ ካልተመረመረ ንባቡ ጎደሎ ይሆናል። የእንግሊዝ አገር የገጠር ካርታዎች ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል።

በኖቲንግሃምሻየር የምትገኘው የላክስተን መንደር ካርታ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1635 ዓ.ም. በቀያሹ በማርክ ፒርስ ተነሣ። ሥራውን ያዘዙት ርስቱን ገዝተው የያዙት የሎንዶኑ ነጋዴ ሰር ዊልያም ኮርተን ነበሩ። በዚያን ዘመን የመንደሪቱ እርሻ በአብዛኛው ያልታጠረ ሰፊ ማሳ ሲሆን፥ ገበሬው በየማሳው የተበታተኑ ጠባብና ረዣዥም ቁራሽ መሬቶች ነበሩት። ካርታው ቁራሾቹን አንድ በአንድ ያሳያል፤ አብሮት የተዘጋጀው መዝገብም የባለይዞታዎቹን ስምና የመሬቱን ስፋት ይዘረዝራል።

ከ18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ግን ፓርላማው ለየመንደሩ ባወጣቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሕጎች መሠረት፥ ክፍት ማሳዎችና የወል ግጦሾች እየተለኩ በአጥር ተከፋፈሉ። በሕግ የታወቀ መብት ያለው ድርሻውን ሲያገኝ፥ ላሙን በልማድ ብቻ ያሰማራ የነበረው ድኃ ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን ቀረ። በክፍፍሉ ካርታ ላይም ስሙ አልሰፈረም።

በ1836 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ በዓይነት ይከፈል የነበረው የቤተ ክርስቲያን አሥራት በገንዘብ እንዲለወጥ አዘዘ። መኮንኑ ሮበርት ዶሰን በዚሁ አጋጣሚ ትክክለኛ የአገር ካርታ እንዲነሣ ሐሳብ ቢያቀርብም፥ ባለርስቶች ወጪውን ስለ ተቃወሙ በተከታዩ ዓመት ጥራታቸው ዝቅ ያለ ካርታዎችም ተፈቀዱ። ከተዘጋጁት ከ11,000 በላይ ካርታዎች ውስጥ ትክክለኛነታቸው በማኅተም የተረጋገጠው አንድ ስድስተኛ ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለሆነም ማኅተሙን ሳያይ ርቀት የሚለካ ተመራማሪ ሊሳሳት ይችላል። አሥራቱ ቀደም ሲል መሬቱ በታጠረ ጊዜ የቀረላቸው ብዙ የመካከለኛው እንግሊዝ መንደሮች ግን የአሥራት ካርታ የላቸውም፤ የካርታው አለመኖር ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው።

በላክስተን ክፍት ማሳዎቹ ዛሬም በመንደሩ ሸንጎ ጠባቂነት ይታረሳሉ፤ የፒርስ ካርታም ከመሬቱ ጋር ሊተያይ ይችላል። በሌሎች መንደሮች ዘንድ ግን ያ ሥርዓት ጠፍቶ የሚመሰክረው ወረቀቱ ሆኗል። ቀያሽ ሳይመዘግብ ያለፈው መብት ለሚመጣው ትውልድ እንዳልነበረ ይቆጠራልና፥ የሙያው ኃላፊነት በልኬት ትክክለኛነት ብቻ አያበቃም።