ከእንዶድ ውሃ እስከ ቂሊንጦ

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት ነገር ቀላል ይመስላል። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይገኛሉ። ቀንድ አውጣው ደግሞ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነው። በዚሁ ሥራ እርሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ በኋላ የተገለጠው የኬሚስትሪው ምስጢር ነው። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለው ውሁድ በአብዛኛው ያልነቃ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲገባበት የራሱ ኢንዛይም ከሳፖኒኑ አንዱን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጣል፤ ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይሉ ያን ጊዜ ይነሳል። በሜታኖል ሲወጣ ግን የሚገኘው በአብዛኛው ያልነቃው ነው። የእናቶቻችን ሙቀጫና የወንዝ ውሃ ትክክለኛውን መንገድ ይዘው ነበር።

ከተክል ኬሚካል ለማውጣት ሌላው ዓለም ወደ አሲድ ሄደ። ፈረንሳዊው ሄንሪ ብራኮኖ በ1819 ከጨርቅና ከእንጨት በሰልፈሪክ አሲድ ስኳር አወጣ። የአሜሪካው ኩዌከር ኦትስ ኩባንያ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የአጃ ገለባን በአሲድና በእንፋሎት ፉርፉራል ወደተባለ ኬሚካል ለወጠ። ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር በ1998 ባሳተሟቸው 12 የአረንጓዴ ኬሚስትሪ መርሆዎች ውስጥ ግን ማሟሚያውና ተረፈ ምርቱም ይመረመራሉ።

የተክል ውጤት ሁሉ ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር የተቀላቀለው የፊንጫ ኢታኖል ከሞላሰስ የተጠመቀ ነው፤ እንዲህ ባለ ምርት ግን ለ1 ሊትር ኢታኖል 10 ሊትር ገደማ ጥቁር ፍሳሽ ይወጣል። ፍሳሽ ምን እንደሚያደርግ የአዲስ አበባው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ አሳምሮ ያውቃል። ባቡሩን ተከትለው የመጡት ፋብሪካዎች፣ በተለይም ቆዳና ጨርቃ ጨርቅ፣ የተጠቀሙበትን ውሃ ለአቃቂ ወንዝ ሰጡ፤ ወንዙም ወደ አባ ሳሙኤል ይዞት ወርዶ ለአዋሽ አስረከበ። ከታች በዚያ ውሃ ጎመን የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ።

ዛሬ በዚሁ ክፍለ ከተማ ቂሊንጦ ላይ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ለመድኃኒት አምራቾች የታሰበው የኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ቂሊንጦ ነው። የጤፍ ጭድና የቡና ገለባ ያለባት አገር ከዩኒቨርሲቲውና ከፓርኩ ብዙ ትጠብቃለች። እኔ ግን በቅድሚያ የምጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ማንኛውም አዲስ ዘዴ ሲመጣ ምርቱ ከመመዘኑ በፊት ውሃና ኢንዛይም ብቻቸውን ይበቁ እንደሆነ ይሞከር፤ ካልበቁም ማሟሚያው ተመልሶ የሚሠራበት መንገድ ይታይ። ወደ ወንዙ የሚለቀቅ ነገር ካለው፣ ትርፉ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ፈቃድ አይሰጠው።