ጭራሮ ወደ ምድጃው ሲመለስ

የኦስትሪያ ገበሬ የበረዶውን ወራት ለዘመናት ያሳለፈው ከራሱ ደን በሚቆርጠው እንጨት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነዳጅ ዘይት ስለ ረከሰ ብዙ ቤተሰብ እንጨቱን ተወ። ይህም በዋጋ ብቻ የሆነ አይደለም። ዘይት ራሱ እየፈሰሰ ይነዳል፤ እንጨት ግን ፈላጭ፣ ተሸካሚና ሌሊት ተነሥቶ የሚማግድ ሰው ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1973 የዓረብ ዘይት አምራች አገሮች ሽያጫቸውን በገደቡ ጊዜ፣ 3 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። በኖቬምበር 1978 የኦስትሪያ ሕዝብ ተሠርቶ ያለቀው የትስቬንተንዶርፍ የኑክሊየር ጣቢያ ሥራ እንዳይጀምር በጥቂት ድምፅ ብልጫ ወሰነ፤ በ1979 ደግሞ ዘይት እንደ ገና ተወደደ። በዚህ ጊዜ የአገሪቱን ግማሽ ያህል ወደሚሸፍነው ደን ዓይን ተመለሰ። ግንዱ ወደ መጋዝ ቤት ሲሄድ ጫፉ፣ ቅርንጫፉና ደን ሲሳሳ የሚወድቀው ቀጭን ዛፍ እዚያው ይበሰብስ ነበርና።

ዋናው ችግር እሳቱን ከማንደድ ይልቅ እሳቱን ማጉረስ ነበር። ለዚህ የተገኘው መላ ቀላል ነው። በትራክተር ኃይል የሚዞር መክተፊያ ጭራሮውን በ3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይከትፈዋል፤ በጎተራው ወለል ላይ የሚሽከረከር ክንድ ይጠርገዋል፤ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ዘንግ እየገፋ ወደ ምድጃው ያደርሰዋል። ቤቱ በቀዘቀዘ ቁጥር ሞተሩ በራሱ ይነሣል። እሳቱ በመጣበት መንገድ ወደ ጎተራው እንዳይሻገር መዝጊያ ወይም ውሃ መርጫ ይደረግለታል።

የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ብዙ ያጨሱ ነበር። አንደኛው ምክንያት ውሃ ነው። ከክብደቱ ግማሹ ውሃ የሆነ አንድ ኪሎ እንጨት 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ሲሰጥ፣ 20 ከመቶ ብቻ ውሃ ያለው 4 ያህል ይሰጣል። እርጥቡ ክትፍ ተከምሮ ሲቆይም ይግላል፣ ይሻግታል። ስለዚህ ዛፉን ቆርጦ በጋውን ሙሉ አድርቆ መክተፍ የሥራው ሥርዓት ሆነ። ሁለተኛው ምክንያት አየር ነበር፤ ለመኪና ሞተር የተሠራው የኦክሲጅን መለኪያ በጢስ መውጫው ሲገባ ምድጃው አየሩን ራሱ ያስተካክል ጀመር። በ1980 አካባቢ ከእንጨቱ ሙቀት ለቤቱ የሚደርሰው ከግማሽ ጥቂት የበለጠው ብቻ ሲሆን፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ 90 ከመቶ ገደማ ደረሰ።

በ1986 የዘይት ዋጋ ሲወድቅ ሥራው የሚከስም መስሎ ነበር። ነገር ግን አልከሰመም። እንጨቱ ጥንትም ነበረ፤ አዲሱ ነገር የሰው እጅ ከማገዶ ባርነት መውጣቱ ነው። ሆኖም ለዚህ ምቾት ገደብ አለው። አንድ ሜትር ኩብ እንጨት ሲከተፍ ሁለት ሜትር ኩብ ተኩል ያህል ቦታ ስለሚይዝ ሩቅ ማመላለስ አያዋጣም። ቅጠልና ቀጭን ቅርንጫፍም የአፈሩ ምግብ ነውና፣ ደኑን ጠርጎ የሚወስድ ሰው የነገውን ማገዶ ዛሬ ያነደዋል።