ሴሌኒየም፦ ከመርዝነት ወደ አስፈላጊ ምግብነት

ሴሌኒየም የተባለው ንጥረ ነገር በስዊድናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ በበርሴሊየስ የተገኘው በ1817 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይሁን እንጂ በሥነ ምግብ ረገድ ከመቶ ዓመት በላይ ስፍራ አልተሰጠውም። እንዲያውም በ1930ዎቹ በአሜሪካ በሳውዝ ዳኮታ፣ ሴሌኒየም በበዛበት አፈር የበቀለ መኖ የበሉ እንስሳት ፀጉራቸው ሲረግፍና ሰኮናቸው ሲበላሽ በመታየቱ፣ መርዝ ተብሎ ተፈረጀ።

ይህን አመለካከት የለወጠው ሽዋርትስና ፎልትስ በ1957 ያቀረቡት ግኝት ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች እጅግ አነስተኛ የሆነ ሴሌኒየም አይጦችን ከጉበት መበስበስ እንደሚያድን አረጋገጡ። ምክንያቱ የታወቀው ግን በ1973 ነው፤ ይኸውም የሰውነትን ሕዋሳት ከፐርኦክሳይድ ጉዳት የሚከላከለው ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የተባለው ፕሮቲን ሴሌኒየምን በውስጡ እንደያዘ በመታወቁ ነው። በ2003 በታተመ ጥናት ደግሞ በሰው ውስጥ ሴሌኒየም ያለባቸውን ፕሮቲኖች የሚያስገኙ 25 ጂኖች ተለይተዋል። ከነዚህም ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ለታይሮይድ ሆርሞን ሥራ የሚያስፈልጉ ናቸው።

የነገሩ ክብደት በሰው ሕይወት የታየው በቻይና ነው። በ1935 በኬሻን አውራጃ የታወቀውና በዚያው ስም የተጠራው የልብ ጡንቻ በሽታ ይበልጡን ሕፃናትንና በመውለድ ዕድሜ ያሉ ሴቶችን ያጠቃ ነበር። በ1974 በሲቹዋን ክፍለ ሀገር በተደረገ ሙከራ፣ የሶዲየም ሴሌናይት እንክብል ከተሰጣቸው 4,510 ሕፃናት 10 ብቻ ሲታመሙ፣ ካልተሰጣቸው 3,985 ሕፃናት ግን 54 ታመዋል። በኋላ የተደረጉ ምርምሮች ከሴሌኒየም እጥረት ሌላ ቫይረስም ለበሽታው አስተዋጽኦ ሳይኖረው እንደማይቀር አመልክተዋል።

ሰውነት እጥረት ሲደርስበት ያለውን ሴሌኒየም ለሁሉም ብልቶች እኩል አያከፋፍልም። በእንስሳት ላይ እንደታየው በጉበትና በጡንቻ ያለው መጠን ፈጥኖ ሲቀንስ አንጎል ድርሻውን ይዞ ይቆያል። በአብዛኛው በጉበት የሚሠራው ሴሌኖፕሮቲን ፒ ንጥረ ነገሩን ወደ አንጎል ያደርሳል፤ ይህ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች መኖአቸው ሴሌኒየም ሲያንሰው የነርቭ ጉዳት እንደሚደርስባቸው በ2003 ተረጋግጧል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። ስለ ኢትዮጵያና ስለ ማላዊ በ2021 የታተመ ጥናት በእህል ውስጥ ያለው ሴሌኒየም ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። ስለዚህ የራሱን ምርት ለሚመገብ ገበሬ አንድ ወጥ የምግብ ሰንጠረዥ በቂ መመሪያ ሊሆን አይችልም። የአፈር፣ የእህልና የጤና ትምህርት ተነጣጥለው ሳይሆን ተያይዘው ሊሰጡ ይገባል። የንጥረ ነገሩ መብዛት እንደ ማነሱ ሁሉ ጎጂ በመሆኑም፣ ከዕደላ በፊት ልኬት መቅደም እንዳለበት ከዚህ ታሪክ ለመገንዘብ ይቻላል።